ሴሬስን በገና ሰሞን፣ ፕሉቶን ከመስቀል በኋላ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከሰሜን ሸዋ የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ድንክ ፕላኔቶች ናቸው፤ እንደ ፕሉቶ ፀሐይን ስለሚዞሩ፣ ግን ከፕላኔቶች ስላነሱ ክብ አካላት። መቼ ይታያሉ? በምን? ከየት? አንዱ መልስ ሌላውን ስለሚያግዝ አንድ ላይ ላቅርባቸው።

«አሮጌ ባይኖኩላር አለኝ። ጎኑ ላይ አሥር በሃምሳ ይላል። በእሱ ድንክ ፕላኔት ማየት እችላለሁ? መቼ ልውጣ?» — መምህር፣ ከደብረ ብርሃን

ይችላሉ፣ መምህር። አሥር በሃምሳ ማለት አሥር እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ማለት ነው። ግን አንዷን ብቻ ነው፤ ሴሬስን። ሌሎቹ ለባይኖኩላር በጣም ሩቅ ናቸው። ሴሬስ ግን እዚሁ ቅርብ ናት፤ በማርስና በጁፒተር መካከል ሆና ፀሐይን ትዞራለች። ወርዷ 940 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጣም በደመቀች ጊዜ እንኳ ለባዶ ዓይን ትንሽ ታንሳለች። ለእርስዎ ባይኖኩላር ግን በቂ ናት።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ምድር በፀሐይና በሴሬስ መካከል የምትገባበትን ሰሞን ይጠብቁ። ያን ጊዜ ፀሐይ ስትጠልቅ ሴሬስ ትወጣለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ሰማይ ላይ ናት፤ ሲነጋ ትገባለች። ለእኛ በጣም የምትቀርበውም ያኔ ነው፤ ስለዚህ ትደምቃለች። ይህ በአማካይ በየ15 ወሩ ይመጣል፤ ወቅቱ ግን በየጊዜው ይለዋወጣል። በ2016 ሰኔ መጨረሻ ላይ ስለዋለ ለእኛ ደመና በላው። ቀጥሎ የመጣው መስከረም 22 ቀን 2018 ነበር። የሚቀጥለው ደግሞ በ2019 ገና ሰሞን ነው። ለሰሜን ሸዋ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ በዚያ ላይ በገና ሌሊት ጨረቃ የለችም። ከገና አንድ ሳምንት ቀደም ብለው ይጀምሩና እስከ ጥር 5 ድረስ ይሞክሩ። በጥምቀት ጨረቃዋ ልትሞላ ስለምትቃረብ ሰማዩ ይፈዝዛል።

ከፍ ብላ የምትታየው ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በገውዝ (ጀሚኒ) ከዋክብት አካባቢ፣ ከአናትዎ ትንሽ ወደ ሰሜን ጋደል ብላ ያገኟታል። የከተማውን መብራት ይሽሹ። ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከሰማይ በታየ ብርሃን ነው ይባላል፤ ዛሬ ከመሀል ከተማው ቆሞ ደብዛዛ ኮከብ መፈለግ ከባድ ነው። በአንኮበር መንገድ ጥቂት ወጣ ካሉ ይበቃል። ክንድዎን የድንጋይ ካብ ላይ ያስደግፉ፤ እጅ ከተንቀጠቀጠ ሴሬስን አያገኟትም። የታኅሣሥን ብርድ ለእርስዎ አልነግርዎትም። በርኖስ ካለ በርኖስ፣ ከሌለ ሁለት ጋቢ። መነጽሩን ጤዛ ሲይዘው በትንፋሽ አያሙቁት፤ ይብስበታል። ጋቢዎ ውስጥ ትንሽ ይያዙት፣ ይለቃል።

«ሴሬስ ከኮከብ በምን ትለያለች? ሁሉም ነጥብ ነው።» — የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከመሐል ሜዳ

ይህን ጥያቄ በጣም ወድጄዋለሁ። በመልክ አትለያትም። በአንድ ሌሊት ዓይተህም አትለያትም። የምትለያት ስትንቀሳቀስ ነው።

እኔ የማደርገውን ልንገርህ። ባለፈው መስከረም፣ በመስቀል ማግስት፣ ጨረቃ እስክትገባ ጠብቄ ወጣሁ። ስልኬ ላይ ያለው ስቴላሪየም የተባለ የሰማይ ካርታ መተግበሪያ ያሳየኝን ቦታ በባይኖኩላር ፈለግሁ። ከዚያ ከደብተር ላይ አንድ ገጽ ቀደድኩና ክብ ሣልኩበት። በክቡ ውስጥ ያየኋቸውን ነጥቦች አንድ በአንድ አሰፈርኩ፤ አሥራ አንድ ነበሩ። ደማቁን ጠቆር አድርጌ፣ ደብዛዛውን በስሱ። ባትሪዬ ላይ ቀይ ፌስታል አስሬ ነበር፤ ነጭ መብራት ዓይንን ያሳውራል፣ እስኪመለስም ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ከሁለት ሌሊት በኋላ ያንኑ ወረቀት ይዤ ተመለስኩ። አሥሩ ነጥቦች ቦታቸው ላይ ናቸው። አንዷ የለችም። ቆይ ብዬ ሳይ፣ ወደ ጎን ፈቀቅ ብላ ቁጭ ብላለች። ሴሬስ! ከብርዱ ይልቅ ደስታው አንቀጠቀጠኝ። በዚያ ሰሞን በአንድ ሌሊት የሙሉ ጨረቃን ግማሽ ወርድ ያህል ስለምትሄድ፣ ሁለት ሌሊት ከበቂ በላይ ነው።

ጁሴፔ ፒያሲም በጣሊያኗ ፓሌርሞ በጥር 1 ቀን 1801 እ.ኤ.አ. ያገኛት እንዲሁ ነው። አንዷ «ኮከብ» በየሌሊቱ ቦታ ስትቀይር አያት። በ1930 እ.ኤ.አ. ፕሉቶን ያገኘው ክላይድ ቶምቦም በተለያየ ሌሊት የተነሡ ሁለት ፎቶዎችን እያፈራረቀ ሲያይ አንዲት ነጥብ ስትዘል ያዛት። ያኔ ዕድሜው 24 ነበር። የካንሳስ ገበሬ ልጅ ነው፤ የመጀመሪያ ቴሌስኮፖቹን ከአሮጌ የማሽን ዕቃ ራሱ ነው የሠራቸው። አንተም ወረቀትህን አትጣል፤ ቀንና ሰዓት ጻፍበት።

«ወንድሜ ከውጭ ቴሌስኮፕ አመጣልኝ። መስተዋቱ 20 ሴንቲ ሜትር ነው። ፕሉቶን መቼ ልፈልግ?» — ነጋዴ፣ ከሸዋ ሮቢት

ጓደኛዬ፣ እውነቱን ልንገርህ። 20 ሴንቲ ሜትር ለፕሉቶ አፋፍ ላይ ነው። ከ25 እስከ 30 ቢሆን ይሻላል። የብርሃን ደረጃው 14 ከግማሽ ገደማ ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ነገሩ እየደበዘዘ ይሄዳል፣ ባዶ ዓይን የሚያየው እስከ 6 ገደማ ነው። መሞከር ከፈለግህ ግን ቴሌስኮፑን ጭነህ ወደ ላይ ውጣ። መንዝ ጓሳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ፣ ሌሊቱ ድቅድቅ ጨለማ ነው።

ወቅቱን ስነግርህ መጀመሪያ ታዝናለህ። ፕሉቶ ፀሐይን ለመዞር 248 ዓመት ስለሚፈጅበት፣ ከዓመት ዓመት ብዙም ቦታ አይቀይርም። ምድር በመካከል የምትገባው አሁን አሁን በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ነው፤ በ2018 ሐምሌ 20 ገደማ ይውላል። ያኔ ሰማያችን ምን እንደሚመስል ታውቀዋለህ።

ግን ብዙ የምታጣው ነገር የለም። ሴሬስ ቅርብ ስለሆነች ጊዜዋ ካለፈ ቶሎ ትርቃለች፣ ትደበዝዛለች። ፕሉቶ ግን ዱሮውኑ እጅግ ሩቅ ነው። ምድር ወደፊት መጣች ወደ ኋላ ሄደች፣ ብርሃኑ ላይ ያን ያህል ለውጥ የለም። ስለዚህ ክረምቱ እስኪያልፍ ጠብቅ። በመስቀል ሰሞን ምሽት 2 ሰዓት ተኩል ገደማ በደቡብ በኩል ከፍ ብሎ ይቆማል፣ በጀዲ (ካፕሪኮርን) ከዋክብት ውስጥ። ጥቅምትም ገና ሲመሽ ይገኛል። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ከአድማሱ ብዙ ከፍ ይልልናል፤ ለንደን ያለ ሰው ግን ጣሪያና ዛፍ ላይ ዝቅ ብሎ ነው የሚፈልገው።

የምታየው ነጥብ ብቻ ነው፤ ብርሃኑ እዚህ ለመድረስ 5 ሰዓት ያህል ተጉዟል። እንጦጦ ላይ የተተከሉት ሁለት ቴሌስኮፖች መስተዋታቸው አንድ አንድ ሜትር ነው፤ ለእነሱ ፕሉቶ ቀላል ነው።

«ኤሪስ፣ ሀውሜያና ማኬማኬስ?» — ከአታዬ

እነዚህም ሩቅ ድንክ ፕላኔቶች ናቸው። ምድር በመካከል የምትገባው ለማኬማኬ መጋቢት ላይ፣ ለሀውሜያ ሚያዝያ ላይ፣ ለኤሪስ ጥቅምት ላይ ነው። ሦስቱም ግን በቤት መሣሪያ በዓይን አይታዩም። ኤሪስ ከፕሉቶም ሃምሳ እጥፍ ገደማ ትደበዝዛለች። ትልቅ ቴሌስኮፕ ላይ የተገጠመ ካሜራ ይፈልጋሉ።

«የገና ሌሊት እኛ ቤተ ክርስቲያን ነን። ልጆቼ ይህቺን ሴሬስ የምትሏትን ከቅዳሴ በኋላ ማየት ይችላሉ?» — የሦስት ልጆች እናት፣ ከአንኮበር

እትዬ፣ በደንብ! ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ትላለች እንጂ ገና ከፍ ብላ ነው ያለችው። እስኪነጋም ጊዜ አለ። ስትወጡ ከመብራቱ ፈንጠር በሉና ልጆቹን ጥቂት ጨለማው ውስጥ አቆዩአቸው። ባይኖኩላሩን መጀመሪያ እርስዎ ያስተካክሉት፤ ልጅ ቶሎ ይሰለቻል።

ሌላ ሌሊት ለመምረጥ ከፈለጉ ደግሞ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ የኔታ አጠገብዎ ካሉ ይጠይቋቸው። ጨረቃዋ ስንተኛ ሌሊቷ እንደሆነ አስልተው ይነግሩዎታል። ሠርቅ (አዲስ ጨረቃ) አካባቢ ያለው ሌሊት ለልጆቹ የተሻለ ነው።

«ደብረ ሲና ሁልጊዜ ጉም ነው። ምን ላድርግ?» — ሾፌር፣ ከደብረ ሲና

ጣርማበርን አልፈህ ወደ ላይ ውጣ። ብዙ ጊዜ ጉሙ ከታች ይቀርና ከላይ ሰማዩ ወለል ብሎ ይጠብቅሃል። መኪናህን ከመንገዱ በደንብ አውጥተህ አቁም፤ መብራቱን አጥፋና ዓይንህ ጨለማውን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ገደማ ዝም ብለህ ቁም።