አሚዶ፣ ካውያና የሊኖ ልብስ፦ ለጠየቃችሁን መልስ

የሊኖ ሸሚዝ አሚዶ ነክሬ ስተኩስ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል፤ ካውያውም ይይዛል። ምን አጠፋሁ?

አሚዶው አልበሰለም። ዱቄቱን በቀጥታ ሙቅ ውሃ ላይ ከበተናችሁት ይጓጉላል፤ ጉብጉቡ ከላይ ይበስልና ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ይህ ወደ ጨርቁ አይሰርግም፣ ላዩ ላይ ተቀምጦ ካውያ ሲነካው ያርራል።

1 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ አሚዶ በሩብ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ። ሦስት ሩብ ሊትር ውሃ ሲፈላ እያማሰላችሁ ቀስ ብላችሁ ጨምሩበት። ዱቄቱ ውሃ ጠጥቶ የሚያብጠው ሙቀቱ ወደ 70 ዲግሪ ሲጠጋ ነው፤ ስለዚህ ወተት መምሰሉ ቀርቶ እስኪጠራ ድረስ እሳት ላይ ይቆይ። ከዚያ አጥልሉት። ሸሚዙን 5 ደቂቃ ነክራችሁ ጭመቁት፣ አስጡትና እርጥበቱ ሳይለቀው ገልብጣችሁ ተኩሱት። አጥንት እስኪመስል ከደረቀ ውሃ እርጩበት፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ አንድ ሰዓት አቆዩት።

የወጣውን ነጠብጣብ በለብታ ውሃ እጠቡት። ያረረው አሚዶው ብቻ ከሆነ ይለቃል፤ ክሩ ራሱ ከሆነ ግን መላ የለውም።

መጠኑስ ለሁሉም አንድ ነው?

አይደለም። ለጠረጴዛ ልብስ በሊትር 2 ማንኪያ ነው። ለሸሚዝ ገላ ከላይ እንዳለው በሊትር 1 ማንኪያ ይበቃል፤ ለኮሌታና ለእጅጌ ጫፍ እስከ 4። ጥቁር ልብስ ላይ ነጭ አመድ የሚመስለው ስለወፈረ ነው፣ አቅጥኑት። የተረፈውን ለነገ አታስቀምጡ፤ ይኮመጥጣል።

ዳንቴል እንደ ሳህን እንዲቆም ስኳር ይሻላል ይላሉ። እውነት ነው?

ስኳር ያቆመዋል፣ ግን ጉንዳን ይጠራል፤ ሙቀት ሲያገኘውም ቢጫ ይሆናል። ለግማሽ ሊትር 5 ማንኪያ አሚዶ ይሻላል። ጎድጓዳ ሳህን ደፍታችሁ በፌስታል ሸፍኑ፣ የተጨመቀውን ዳንቴል አልብሱት፣ ጥርሱን በእጅ እየሳባችሁ አስተካክሉ። ስፒል ከተጠቀማችሁ ዝገት የማይዘው ይሁን። እስኪደርቅ አትንኩት፤ ካውያም አያስፈልገውም።

ለበዓል ብቻ የማወጣው የሊኖ ጠረጴዛ ልብስ በእጥፋቱ በኩል ተሰነጠቀ።

በአሚዶ እንደደረቀ ታጥፎ ስለኖረ ነው። የሊኖ ክር እንደ ሱፍ አይለጠጥም፤ ሁልጊዜ በአንድ መስመር ሲታጠፍ እዚያው ይሰበራል፣ አሚዶ ደግሞ ያባብሰዋል። በዚያ ላይ አሚዶ ለበረሮ ምግብ ነው። ከበዓል በኋላ አሚዶውን አጥባችሁ አውጡት፤ ሳይተኮስ በካርቶን ጥቅል ላይ ተጠምጥሞ ይቀመጥ። አሚዶው የሚገባው ሊወጣ ሲል ነው። ለነጭነት ብላችሁ በረኪና አትደጋግሙበት፤ ክሩን ይበላዋል።

ነጠላስ?

ተዉት። የነጠላ ውበቱ ትከሻ ላይ መፍሰሱ ነው።

ሊኖ የሚሠራው ከተልባ ነው መባሉ እውነት ነው?

አዎ፣ ከአገዳው ልጥ። የእኛ ገበሬ ተልባ የሚዘራው ለፍሬው ነው፤ ለክር የሚሆነው ዝርያ ግን ረዘም ብሎ ቅርንጫፉ ጥቂት ነው።