መልስ፦ ከሸራ ጀልባ በሬዲዮ ኢሜይል ለመላክ የትኛው አንቴና ይሻላል?

ጠያቂያችን ከካናሪ ደሴቶች ወደ ካሪቢያን ሲሻገሩ በዊንሊንክ (በአማተር፣ ማለትም ለንግድ ባልሆነ የግል ሬዲዮ ሞገድ ኢሜይል የሚያደርስ አገልግሎት) ኢሜይል ለመላክ ረጅም የዘንግ አንቴና ልግዛ ወይስ ምሰሶውን ከኋላ ወጥሮ የያዘውን የብረት ገመድ ልጠቀም ብለዋል። ገመዱ ይበቃዎታል። ከላይና ከታች ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ማያያዣ (ኢንሱሌተር) ይለዩት፤ የታችኛው እጅ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ይሁን፣ ሲያሰራጩ የነካው ሰው ይቃጠላልና። የተለየው ክፍል ርዝመት 10 ሜትር አካባቢ እንዳይሆን ይጠንቀቁ፤ በ14 ሜጋኸርትዝ የሞገዱ ግማሽ ስለሚሆን አንቴናውን ከሬዲዮው ጋር የሚያስማማውን መሣሪያ (ቱነሩን) ያስቸግረዋል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ግራውንዱን (አንቴናው ተደግፎ የሚሠራበትን ከመሬት ወይም ከውኃ ጋር ያለ ግንኙነት) ነው። ቱነሩን ከገመዱ ሥር አስጠግተው ያስቀምጡና ሰፊ የመዳብ ጥብጣብ ውኃ ከሚነካ የነሐስ ክፍል ጋር ያገናኙ። እንደ ጨው ባሕር ያለ ግራውንድ የብስ ላይ በቀላሉ አይገኝም!

ኢሜይሉን በሬዲዮ ወደሚተላለፍ ድምፅ የሚቀይረው ፓክተር የተባለው ሞደም ጎበዝ ነው፤ ዋጋው ግን ኪስ ያራቁታል። ያንኑ ሥራ የሚሠራው ቫራ የተባለው ሶፍትዌር በኮምፒውተር የድምፅ ካርድ ስለሚሠራ በእሱ ይጀምሩ ባይ ነኝ። ቀን 14፣ ሌሊት 7 ሜጋኸርትዝ ይሞክሩ። ኢሜይሉን የሚቀበለው የየብስ ጣቢያ አልሰማ ካለዎት ማቀዝቀዣውንና የፀሐይ ኃይል መቆጣጠሪያውን ያጥፉ፤ ጫጫታው አብዛኛውን ጊዜ ከራስ ጀልባ ነው የሚነሣው። የንግድ ደብዳቤ በአማተር ሞገድ አይፈቀድም፤ ለእሱ ሴይልሜይል የተባለ የጀልባ ባለቤቶች የሬዲዮ ኢሜይል አገልግሎት አለ።