ኖታ ልምረጥ ወይስ ኸርዝ ልጻፍ?

ሰላም ወንድሜ። የጠየቅከው «ሲንተሳይዘሬ ፒቹን በኖታም በኸርዝም ይቀበላል፤ ከክራር ጋር ልቀዳ ነው፣ የቱ ይሻለኛል?» ብለህ ነው። ፒች የድምፁ ከፍታ ነው፤ ኸርዝ ደግሞ ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የሚነግርህ ቁጥር። ብዙዎች «ኸርዝ ይሻልሃል፣ ቁጥር አይዋሽም» ብለውሃል። እኔም እንደዛ አስብ ነበር። አንድ ሙሉ ቅዳሜ በልቶብኛል።

ቦታው አራት ኪሎ ነው። ስቱዲዮ እንላታለን እንጂ ግድግዳዋ ላይ ብርድ ልብስ የተሰቀለባት ጠባብ ክፍል ናት። ክራር የሚጫወቱልን ጋሼ ክራሩን የቃኙት በዘፋኟ ድምፅ ነው። «እስቲ አንጎራጉሪልኝ» አሏት። ቀንበሩ ላይ አንዱን ክር ጠበቅ፣ ሌላውን ላላ አደረጉና «በቃ» አሉ። ቱነር (የቅኝት መለኪያ) ዞር ብለው አላዩም። እኔ በስልኬ ስለካው 440 ኸርዝ መሆን የነበረበት «ላ» የሚባለው ኖታ 446 ላይ ቆሟል።

ጋሼን «ትንሽ ዝቅ ያድርጉት» ማለት አፈርኩ። ደግሞም ዘፋኟን ከተመቻት ልኩ እሱ ነው። ስለዚህ ሲንቱን ወደ ክራሩ ላምጣው አልኩ። ልዩነቱ 6 ኸርዝ አይደል? ሲንቱ ላይ በኸርዝ የሚጨምር ሳጥን ነበረ፤ 6 ብዬ ጻፍኩበት። መሀል ያለውን «ላ» ስነካው ከክራሩ ጋር ግጥም አለ። በደስታ ማኪያቶ አዘዝኩ።

ከዚያ በዚያው ሲንት ቤዙን (ወፍራሙን የታች ድምፅ) ጀመርኩ። ዘፋኟ ሄድፎኑን አውልቃ አየችኝ። ምንም አላለችም፣ ዝም ብላ አየችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤዙ «ላ» 55 ኸርዝ ነው። 6 ስጨምርበት 61 ሆነ። ቀጥላ ያለችው ኖታ «ሲ» ደግሞ 61.74 ነች። እኔ «ላ» ብዬ የምነካው ቁልፍ «ሲ» ሊሆን ምንም አልቀረውም ማለት ነው! ወደ ላይ ስወጣ ችግሩ ይገለበጣል። 880 ላይ 6 ኸርዝ ኢምንት ናት፣ ክራሩ ላይ አትደርስም። ልክ የነበረው የሞከርኩት አንድ ቁልፍ ብቻ ነው።

ጆሯችን የሚሰማው ማባዛትን እንጂ መደመርን አይደለም። ከ110 ወደ 220፣ ከ220 ወደ 440 ስትሄድ በቁጥር ሁለተኛው እጥፍ ይርቃል፤ ለጆሮ ግን ሁለቱም እኩል አንድ አንድ ኦክታቭ (ያው ኖታ በእጥፍ ኸርዝ) ናቸው። ኪቦርድ ላይ ወደሚቀጥለው ቁልፍ መሄድ በ1.0595 ገደማ ማባዛት ነው። ከ55 ተነስተህ ስትሄድ ልዩነቱ 3.27 ኸርዝ ነው፣ ከ440 ስትነሳ ግን 26.16። ዜማ ለሚጫወት ነገር ሁሉ ኖታ ምረጥ የምልህ ለዚህ ነው።

ትንንሿን ማስተካከያ ደግሞ በሴንት አድርጋት። የኪስ ሳንቲም አይደለም፤ በሁለት ጎረቤት ቁልፎች መሀል 100 ሴንት አለ፣ በኦክታቭ 1200። ከ440 ወደ 446 ያለው 23.5 ሴንት ገደማ ነው። ይህን ፋይን ቱን (የሲንቱ ጥቃቅን ማስተካከያ) ላይ ስጽፈው ሁሉም ቁልፍ እኩል ተነሳ። ቤዙም 61 ሳይሆን 55.75 ኸርዝ ላይ ተቀመጠ። ማስተር ቱን (የጠቅላላው ልክ መወሰኛ) ላይ 446 ብትልም ያው ነው። እሱ የሚያሳይህ ኸርዝ ቢሆንም ሥራው ማባዛት ነው፤ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይምታታበታል።

ሁሉም ክር በእኩል መጠን ከፍ ብሎ አይጠብቅህም ደግሞ። ክራር በጆሮ ነው የሚቃኘው፣ ኪቦርድ ግን ኦክታቩን 12 እኩል ቦታ ከፍሎታል። የዚያን ቀን ዘፈኑ በአንቺ ሆዬ ቅኝት ነበር። ክሮቹን አንድ በአንድ ስለካ አንዷ ከኔ ቁልፍ 18 ሴንት ዝቅ ብላለች። ጋሼ ወደ ቱነሩ እንዲያመጧት ለመንኳቸው። አመጧት፣ አንዴ መቷት፣ «ጣዕሟን ገደልካት» ብለው መለሷት። እኔም ያቺን ቁልፍ ብቻ በስኬል ቱኒንግ (አንዱን ኖታ ለይቶ በሚያስተካክለው) 18 ሴንት አወረድኳት። የአንተም ሲንት ይህ ካለው ተጠቀምበት።

ታዲያ ኸርዝ ለምን ተፈጠረ? ቁልፉ ቢቀያየርም ቦታውን እንዳይለቅ ለምትፈልገው ድምፅ። ለከበሮ ምት፣ ለደወል አይነት ድምፅ ግሩም ነው። በፈረንጆቹ 1983 የወጣው ያማሃ ዲኤክስ7 ሲንተሳይዘር እንኳ እያንዳንዱን ኦፕሬተር (የድምፁን አንድ ምንጭ) በቁልፉ ብዜትም በቋሚ ኸርዝም እንድትሞላ ያስመርጥ ነበር። ያ የተሸወድኩበት ሳጥንም ጥፋት የለበትም። ሁለት ኦሲሌተር (ድምፅ አመንጪ) ደርበህ አንዱን 440 ሌላውን 442 ብታደርግ ድምፁ በሰከንድ 2 ጊዜ ይወዛወዛል። ልዩነቱን በኸርዝ ከሰጠኸው ውዝዋዜው ከታች እስከ ላይ ፍጥነቱ አይቀየርም። በሴንት ከሰጠኸው ወደ ላይ ስትወጣ እየፈጠነ ይሄዳል። ሁለቱንም ሞክራቸው፤ እኔ ለቀስታ ትዝታ የመጀመሪያው ይጥመኛል።

«ትክክለኛው ላ 432 ኸርዝ ነው» ያለህን ሰው እለፈው። 440 ራሱ በፈረንጆቹ 1939 ለንደን ላይ የተደረሰበት ስምምነት ነው፣ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ያንተ ልክ ክራሩ ነው።

እና በየቀረጻው መሀል ለካ። እኛ ከምሳ ስንመለስ 446 የነበረው 443 ሆኖ ጠበቀን።