ኮድ አልሆነልኝም፤ ዲፓርትመንት ልቀይር?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ውስጥ የኮምፒውተር ሳይንስ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ፕሮግራሚንግን በጭንቅ ነው ያለፍኩት። ጓደኞቼ ኮድ ሲጽፉ ያድራሉ፤ እኔን እንቅልፍ ይወስደኛል። ደስ የሚለኝ አሸዋ ገበያ ያለውን የእናቴን ሱቅ ዱቤ በኤክሴል መያዝ ነው። ዲፓርትመንት ልቀይር? ምን ይመክሩኛል?
(ከሳቢያን)

መልስ፦ እህቴ፣ ዓይኔ ያረፈው ዱቤው ላይ ነው። ማንም ሳያዝሽ የእናትሽን ደብተር ወደ ኤክሴል ገልብጠሻል። መረጃ እየመረመሩ መልስ የሚያወጡት፣ ዳታ አናሊስት የሚባሉት ሰዎች ሥራ ከዚህ ነው የሚጀምረው።

የእኔን ልንገርሽ። ከዚራ ነው ያደግኩት። የተቀጠርኩት ቴስተር ሆኜ ነው፤ ሶፍትዌሩ ሰው እጅ ከመግባቱ በፊት እየነካካሁ ጉድለቱን እፈልጋለሁ። በነሐሴ 2014 ሳፋሪኮም በሙከራ ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የመጣው እኛ ድሬ ነው። እኔም በ07 የሚጀምር ሲም ገዛሁ። በዚያው ሰሞን የምፈትነው የመመዝገቢያ ቅጽ ቁጥሬን አልቀበልም አለኝ። ለካ የሠሩት ልጆች ሞባይል ሁሉ በ09 ይጀምራል ብለው ኖሯል። ጎበዞች ናቸው፣ አቦ! ግን 07 ገና እነሱ ጋ አልደረሰም ነበር። እኔ ያየሁት ድሬ ስለምኖር ነው። የዚያን ቀን ደስታዬን አልረሳውም።

ሌላም ብዙ ሥራ አለ። የአፕ መልክ የሚነድፍ፣ ኔትወርክ የሚዘረጋ፣ መመሪያውን በሶማሊኛና በኦሮምኛ የሚያዘጋጅ። ለዚህ የመጨረሻው ደግሞ ከድሬ ልጅ ወዲያ ማን አለ?

ለአንድ ሴሚስተር ዲፓርትመንትሽን አትቀይሪ። የዱቤውን ፋይል ኮፒ አድርጊ። የደንበኞቹን ስም አውጥተሽ ቁጥር ተኪበት፤ የሰው ዕዳ ምስጢር ነው። ከዚያ ፋይሉን ጠይቂው። በዱቤ የሚበዛው የትኛው ዕቃ ነው? ደመወዝ በወጣ ሳምንት ስንት ይመለሳል? ከሁለት ወር በላይ የሚያቆየው ማነው? ኤክሴል ውስጥ ያለው ፒቮት ቴብል፣ ዝርዝሩን በየዓይነቱ እየደመረ የሚያሳየው፣ ይመልስልሻል። ቀጥለሽ ኤስኪውኤል ተማሪ፤ ዳታቤዝን የምንጠይቅበት ቋንቋ ነው፣ ኤክሴል ለለመደ ሰው አይከብድም። የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ነፃ ሥልጠና ላይም ዳታ ሳይንስ አለ።

አልዋሽሽም፣ ከኮድ ጨርሰሽ አታመልጪም። ፓይተን ከሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ትንሽ ያስፈልግሻል። ያኔ ግን የራስሽን ጥያቄ ይዘሽ ነው የምትቀመጪው፤ እንቅልፉም እንዲህ አይጫንሽም።

ያገኘሽውን መጀመሪያ ለእናትሽ አሳዪያቸው። ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።