በሶሮሪቲ ምልመላ ገለልተኛ አማካሪ ስለመሆን፦ ለአንዲት እናት ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጤና ይስጥልኝ እናታችን። ልጅዎ ለአዳዲስ ተማሪዎች የምልመላ አማካሪ እንድትሆን መታጨቷን፣ በዚያም ሰበብ ለጥቂት ጊዜ ከሶሮሪቲዋ (ከሴት ተማሪዎች ማኅበሯ) እንደምትርቅና የየትኛው ማኅበር አባል እንደሆነች ለማንም እንደማትናገር ስትነግርዎ ግራ መጋባትዎን ጽፈዋል። ሥራው ከጓደኞቿ ያቃቅራት ወይም ከትምህርቷ ያዘናጋት እንደሆነም ጠይቀዋል። እኔ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስማር ይህንኑ ሥራ ሠርቻለሁ፤ ከዚያ በኋላም ከእኔ ቀጥለው የመጡትን አማካሪዎች በማሠልጠን ረድቻለሁ። ስለዚህ የማውቀውን በዝርዝር ልጻፍልዎ።

በአሜሪካ 26 ሶሮሪቲዎች በ1902 የተመሠረተው ብሔራዊ የፓንሄሌኒክ ጉባኤ አባላት ሲሆኑ፣ በየግቢው ያሉት ቅርንጫፎቻቸው (ቻፕተሮች) በተማሪዎች የፓንሄሌኒክ ምክር ቤት አስተባባሪነት ምልመላቸውን በአንድ ጊዜ ያካሂዳሉ። በአንዱ ግቢ ሮ ጋማ፣ በሌላው ፓይ ካይ ወይም ጋማ ካይ የምትባለው አማካሪ የምትሠራው ለዚህ ምክር ቤት እንጂ ለራሷ ቻፕተር አይደለም። ስለሆነም የማኅበሯ መጠሪያ የሆኑት የግሪክ ፊደላት ያሉበትን ልብስ አትለብስም፤ በኢንተርኔት ያሉ ፎቶዎቿን ትሰውራለች፤ ቻፕተሯ ስለ ዕጩዎች፣ ማለትም አባል ለመሆን ስለሚመጡት ተማሪዎች፣ በሚመክርበት ስብሰባ አትገኝም። ጊዜውና ጥብቅነቱ ከግቢ ግቢ ይለያያል። አባልነቷ ግን አይቋረጥም፤ ምልመላው ሲያበቃ ወደ ማኅበር እኅቶቿ ትመለሳለች፤ በብዙ ግቢዎችም በመጨረሻው ቀን ማኅበሯን ለዕጩዎቹ በይፋ ትገልጻለች። ቻፕተሯ ራሱ ለሥራው አባላቱን የሚያበረታታ ስለሆነ፣ በዚህ ምክንያት እኅቶቿ የሚቀየሙባት አይመስለኝም።

ፊደል መደበቅ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። አስቸጋሪው በልቧ አስቀድማ ቻፕተር ለመረጠችላት ዕጩ ያንን አለመናገር ነው። እኛ ሽማግሌ ስንቀመጥ ከሁለቱ ወገን የማን ዘመድ እንደሆንን ለጊዜው እንደምንተወው ሁሉ፣ አማካሪዋም ራሷ የምትወደውንና የማትወደውን ቻፕተር መተው አለባት። አንዲት ዕጩ «የትኛው ይሻለኛል?» ብላ ስትጠይቃት ስም አትጠራም፤ ይልቁንም «ከማን ጋር ስትነጋገሪ ጊዜው ሳይታወቅሽ አለፈ? የዓመቱን ወጪ ጠይቀሻል? አመሻሽተሽ ወደ ክፍልሽ ስትመለሺ የማንን ነገር ታነሺ ነበር?» ብላ መልሳ ትጠይቃለች። የፊቷ ገጽታም ቢሆን ይናገራል። የአንድ ቻፕተር ስም ሲነሳ ፈገግ ብላ የሌላው ሲነሳ ዝም ካለች፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ያን ወዲያው ታነብባለች። እኔ ሳሠለጥን አብዝቼ የምለማመደው ከአማካሪዎቹ ጋር ይህንኑ ነበር።

ልጅዎ ከሁሉ በፊት በሚገባ እንድትረዳው የምመክራት ግን ዕጩዎችና ቻፕተሮች የሚዛመዱበትን የስሌት አሠራር ነው፤ ምክንያቱም የብዙ ልጆችን እንባ የሚያብሰው ይህ እውቀት ነው። ምልመላው በአብዛኛው በአራት ዙር ይካሄዳል። በመጀመሪያው ዙር ዕጩዋ ሁሉንም ቻፕተሮች ታያለች፤ ከየዙሩ በኋላ እርሷ ምርጫዋን በደረጃ ታስቀምጣለች፣ ቻፕተሮቹም የሚጋብዟቸውን ይዘረዝራሉ፣ ኮምፒውተሩ ያዛምዳል። ሆኖም አንድ ቻፕተር የፈለገውን ያህል ሰው መጋበዝ አይችልም። ባለፉት ዓመታት የጋበዛቸው ዕጩዎች ምን ያህል ተመልሰው እንደመጡለት ተሰልቶ፣ ለሚቀጥለው ዙር የሚጋብዘው ቁጥር ይወሰንለታል። ብዙ ፈላጊ ያለው ቻፕተር በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ብዙ ልጆችን እንዲያሰናብት ይገደዳል፤ ፈላጊው ያነሰ ደግሞ ብዙዎችን ይጋብዛል። ይህ የሚደረገው ልጆቹ በማይቀበላቸው በር ላይ እስከ መጨረሻው ቆመው እንዳይቀሩና ሊቀበሏቸው የሚችሉትን ጊዜ ሳያልፍ በደንብ እንዲያዩ ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ቀን ጠዋት የምትወደው ቻፕተር ከዝርዝሯ የጠፋባት ልጅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ ጨዋታ በኋላ በቁጥር ገደብ የተሰናበተች እንጂ ማንነቷ ተመዝኖ የወደቀች አይደለችም። አማካሪዋ ይህን በልበ ሙሉነት ማስረዳት የምትችለው ራሷ ስታውቀው ብቻ ነው።

ከሥራው ሁሉ የሚከብደው አንዲት ዕጩ ከሁሉም ቻፕተር ስትሰናበት ነው። በብዙ ግቢዎች ይህን የምትነግራት አማካሪዋ ናት፤ ልጅቷ በሰው ፊት ባዶ ዝርዝር እንዳትቀበል ቀደም ብላ ትደውልላታለች ወይም ክፍሏ ድረስ ትሄዳለች። እኛ ሐበሾች በእንዲህ ያለ ጊዜ «አይዞሽ፣ ለበጎ ነው» ለማለት እንቸኩላለን። ልጅዎ ይህን ቃል ለሌላ ቀን ብታቆየው እመርጣለሁ። በዚያ ሰዓት ልጅቷ የምትፈልገው ወሬውን በቀጥታ የሚነግራት፣ ከዚያም አብሯት የሚቀመጥ ሰው ነው። ጥቂት ቆይታ፣ ለእናቷ መደወል ትፈልግ እንደሆነ ትጠይቃት፤ ብቻዋን እንዳትቀር የክፍል ጓደኛዋ መኖሯን ታረጋግጥ። ልጅቷ ስትረጋጋ ደግሞ ከዋናው ምልመላ ውጭ ቦታ የተረፋቸው ቻፕተሮች በዓመቱ ውስጥ አባላትን መቀበል እንደሚችሉ ትንገራት፤ ተስፋ ግን አትስጣት፤ ያልተፈጸመ ተስፋ ሁለተኛ ስንብት ይሆናልና።

በመጨረሻው ዙር ዕጩዋ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት የማይበልጡ ቻፕተሮችን ትጎበኛለች፤ ወዲያው ምርጫዋን በደረጃ ጽፋ የምትታሰርበትን ስምምነት ትፈርማለች። የጻፈችው ቻፕተር የአባልነት ጥሪ ልኮላት እምቢ ካለች፣ እስከ ሚቀጥለው ዓመት ዋና ምልመላ ድረስ በዚያ ግቢ ካሉት ሌሎች የጉባኤው ሶሮሪቲዎች ወደ አንዱም መግባት አትችልም። አንድ ስም ብቻ የምትጽፍ ልጅ ደግሞ ያ ቻፕተር ሳይደርሳት ቢቀር ያለ ጥሪ የመቅረቷ ዕድል ሰፊ ነው። አማካሪዋ ይህን ሁሉ ታስረዳለች፤ «ሁለቱንም ጻፊ» ብላ አትጫንም፤ ልጅቷ በሁለተኛው መኖር እንደማትፈልግ በእርግጥ ካወቀች መጻፍ እንደሌለባትም ትነግራታለች። እስክሪብቶውን የምትይዘው ዕጩዋ ናት።

ልጅዎ የሐበሻ ልጅ በመሆኗ ሌላም ነገር ይገጥማታል፤ ይህን ቀድማ ብታስብበት ይጠቅማታል። ጥቁር የሆኑና ከስደተኛ ቤተሰብ የመጡ ዕጩዎች ለብቻዋ ሲያገኟት «እንደ እኔ ያለችውን ይቀበላሉ?» ብለው ይጠይቋታል። ጥያቄው መሠረት የሌለው አይደለም። በ2013 በአላባማ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎቹ ጋዜጣ ጥቁር ዕጩዎች በቀለማቸው ምክንያት ከሶሮሪቲዎች መገለላቸውን ካጋለጠ በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲው ምልመላው እንደገና እንዲከፈት አድርጎ ጥቁር ተማሪዎች ለመግባት የቻሉት በዚያ ነው። አማካሪዋ የዚህን ቻፕተር ወይም የዚያን ስም እያነሳች መፍረድ አትችልም፤ ነገር ግን ገለልተኛ መሆን ማለት በደል ሲነገራት መስማት የተሳናት መሆን ማለት አይደለም። ዘረኛ ቃል ከሰማች ወይም ዕጩዋ ከነገረቻት፣ በዚያው ቀን ምክር ቤቱን ለሚያማክረው የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ በጽሑፍ ማሳወቅ አለባት። በተጨማሪም በ1908 በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ከተመሠረተችው ከአልፋ ካፓ አልፋ ጀምሮ ያሉት አራቱ ታሪካዊ የጥቁሮች ሶሮሪቲዎች በሌላ ምክር ቤት ሥር እንደሆኑና አቀባበላቸውም የተለየ እንደሆነ ለጠየቃት ሁሉ ልትናገር ይገባታል። አንዳንድ ልጆች እነርሱም በዚሁ ሳምንት የሚታዩ እየመሰላቸው ይመጣሉ።

እንደ እናት የሚያሳስብዎትን በአጭሩ ልመልስ። በምልመላ ዝግጅቶችና የአባልነት ጥሪ በሚሰጥበት ቀን መጠጥ በጉባኤው ደንብ የተከለከለ ነው። ትምህርቷን በተመለከተ፣ ምልመላው ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ባለው ሳምንት በሚካሄድባቸው ግቢዎች ጫናው ያን ያህል አይደለም፤ ሴሚስተሩ ከተጀመረ በኋላ ከሆነ ግን ከጠዋት እስከ ሌሊት ስልኳ ስለማያርፍ፣ የዚያን ሳምንት ፈተናዎቿን ከመምህሮቿ ጋር አስቀድማ ትነጋገርበት።

ከመፈረሟ በፊት ምክር ቤቱን ሦስት ነገር ትጠይቅ። በማኅበሯ ቤት የምትኖር ከሆነ በእነዚያ ቀናት የት ታድራለች፣ ወጪውንስ ማን ይከፍላል? የቻፕተሯ መዋጮ በዚያ ጊዜ ይቀነስላታል ወይስ እንዳለ ይቀጥላል? ራሷ ስትደክምና ስታዝን በሌሊትም ቢሆን ልትደውልለት የምትችለው ኃላፊ ማን ነው? ለሦስተኛው ጥያቄ የአንድ ሰው ስምና ስልክ ካልሰጧት፣ እስኪሰጧት ድረስ ፊርማዋን ታቆየው።