ዜሮም ይመዝገብ

ረግረጋማ ቦታዎችንና የባሕር ዳርቻ ወፎችን ለመጠበቅ የተነሣችሁ ልጆቼ፣ ትጋታችሁ ያስደስተኛል፤ ጥድፊያችሁ ግን ያሳስበኛል። ጥበቃ ሲባል ብዙዎቻችሁ ቀድሞ የሚታያችሁ ችግኝ መትከል ነው። ዛፍ በሌለበት ጭቃማ ዳርቻ ላይ ችግኝ መትከል ትልና ቀንድ አውጣ ለቅመው ለሚያድሩት ወፎች ማዕዳቸውን መንሳት ነው። ባዶ የሚመስል መሬት ሁሉ ባዶ አይደለም።

በዚህ ሙያ ስኖር ከሁሉ የሚበልጡ ሆነው ያገኘኋቸው ሥራዎች ሁለት ናቸው፦ ሰውን ማራቅና መቁጠር።

በአሸዋ ላይ እንቁላል የሚጥሉ ትንንሽ ወፎች እንደሌሎቹ ጎጆ አይቀልሱም፤ አሸዋውን ጎድጎድ አድርገው እዚያው ይጥላሉ። እንቁላሉ ዝንጉርጉር ጠጠር ስለሚመስል አጠገቡ ቆማችሁ ላታዩት ትችላላችሁ። ሰው ወይም ውሻ ሲቀርብ እናቲቱ ትነሣለች፤ እስክትመለስ እንቁላሉ ለፀሐይ ይጋለጣል፣ አለዚያም ሌላ ወፍ ይነጥቀዋል። መፍትሔው በመራቢያው ወቅት ጥቂት ችካል፣ ገመድ፣ እና ለመንገደኛው በትሕትና የሚያስረዳ ሰው ነው። የሚቆጣ ጠባቂ ለወፏ ጠላት ያፈራባታል፤ ቁጡዎቻችሁን ሌላ ሥራ ስጧቸው።

ባሕሩ በየዕለቱ ሞልቶ ጭቃውን ሲሸፍን ደግሞ ወፎቹ አንድ ቦታ ተሰብስበው ያርፋሉ። ያኔ አታስበርግጓቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 በሳተላይት ክትትል የተደረገባት ጎድዊት የምትባል ወፍ ከአላስካ ኒውዚላንድ ድረስ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሳታርፍ በርራለች። ነዳጇ በየዳርቻው ያጠራቀመችው ስብ ነው፤ በተበረገገች ቁጥር ከዚያው ይቀነሳል።

ለመቁጠርም የተመቸው ይኸው የሙላት ሰዓት ነው። በደቡብ ኮሪያ ሴማንጉም በተባለ ስፍራ 33 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ግድብ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሕሩን ከጭቃማው ዳርቻ ሲቆርጠው፣ ወፎቹ ወደ ጎረቤት ዳርቻዎች ይዛወራሉ ተብሎ ነበር። አለመዛወራቸው የታወቀው ከግድቡ በፊትም በኋላም ቦታው ላይ ቆመው የቆጠሩ ሰዎች በመኖራቸው ነው። በጉዞው እዚያ ያርፍ የነበረው ግሬት ኖት የተባለው ወፍ ቁጥር ከመራቢያው ወቅት ውጭ በሚቆይበት በአውስትራሊያም ሳይቀር አሽቆልቁሎ ተገኘ። ያለ መዝገብ ይህ ሁሉ ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር።

ስለዚህ በየዓመቱ ያው ቦታ፣ ያው ወር፣ ያው የውሃ ከፍታ ይሁን። ከአቅራቢ መነጽሩ ይልቅ ለደብተሩ ተጨነቁ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቆጣሪውን ስም አስፍሩ፤ አንድም ወፍ ካላያችሁ ዜሮ ብላችሁ ጻፉ እንጂ ገጹን ባዶ አትተዉት። ቅጂውንም ሌላ ሰው ዘንድ አስቀምጡ፤ ደብተር ውሃ ውስጥ ይወድቃል።