ወተቱ ፆም አያውቅም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ላይ አምስቱን ልጆቼን ቤት እንደማስተምርና ቨርጂኒያ ውስጥ ትንሽ እርሻ እንዳለን በአንድ መስመር ጠቅሼ አልፌ ነበር፣ ከዛ ወዲህ የሚመጣው ጥያቄ ሁሉ ስለሱ ሆነ። ሶስቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ የ9፣ የ6 እና የ2 አመት ልጆች አሉኝ፣ ባለቤቴ ትራክ ስለሚነዳ ከሳምንቱ አራቱን ቀን ቤት የለም። ትልቁን ልጅ ከመስከረም ጀምሮ ሆምስኩል ላረገው፣ እቤት ላስተምረው አስቤያለሁ፣ በዛ ላይ ፍሬድሪክ አካባቢ 4 ኤከር ያለው ቤት አይተን ዶሮና ፍየል እናረባለን እያልን ነው። ኢንስታግራም ላይ የማያቸው የፈረንጅ እናቶች ነጭ ቀሚስ ለብሰው ዳቦ ይጋግራሉ፣ ልጆቹ ፀጥ ብለው ያነባሉ። እኔ ግን ፆም አለብኝ፣ ቅዳሴ አለብኝ፣ እንጀራ አለብኝ። እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፣ ቀንሽ እንዴት ነው የሚውለው? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ እህቴ ነጩን ቀሚስ እርሺው። እኔ የማልብበት ጃኬት ኪሱ ቢፈተሽ የሰኮና መቁረጫ፣ ግማሽ እርሳስና ማን እንደከተተው የማላውቀው የደረቀ ዳቦ ይወጣል።

ቀናችን የሚጀምረው በሀበሻ 11 ሰአት ተኩል ነው። ፍየል በየ12 ሰአቱ ነው የምትታለበው፣ ጠዋት 11 ተኩል ካለብሽ ማታም 11 ተኩል ነው፣ ስለዚህ ልደት ሆነ ማህበር ሆነ ወይ አርፍደሽ ትደርሻለሽ ወይ ኬኩ ሳይቆረጥ ትነሻለሽ፣ ዘመድ ይቀየማል፣ ይለምደዋል። የ12 አመቷ ልጄ ሁለቱን ታልባለች እኔ ሁለቱን፣ የ10 አመቱ ውሃና ድርቆሽ፣ የ7 አመቷ እንቁላል ትለቅማለች፣ የ4 አመቱ ስራው ውሻውን ማባረር ነው ማንም አላዘዘውም፣ ትንሿ ጀርባዬ ላይ ናት። ጃንዋሪ ላይ ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ ድንጋይ ስለሚሆን ከኩሽና የፈላ ውሃ በጀበና ሳይቀር እናመላልሳለን።

ከዛ ፀሎት፣ ቁርስ፣ ከ3 እስከ 6 ሰአት ትምህርት። አዎ ሶስት ሰአት ብቻ። መጀመሪያ አመት እንደ ትምህርት ቤት ከጠዋት እስከ 9 ሰአት ላስቀምጣቸው ሞክሬ ሁላችንም አልቅሰናል። ለአራት ልጅ አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ ስታስተምሪ ሰልፍ የለ፣ ስም ጥሪ የለ፣ ሂሳብና ንባብ ቶሎ ያልቃል፣ የቀረውን እርሻው ያስተምራል። ያስተምራል ስልሽ እንዲሁ ለማሳመር አይደለም። ባለፈው ሚያዝያ የ10 አመቱ ልጅ ማካፈል እየሰራ ጥቁሯ ፍየል ምጥ ያዛት፣ አንድ ሰአት ገፍታ ምንም የለም። የኔ እጅ አልገባ አለ። ትልቋ እጇን እስከ ክርኗ በሳሙናና በአዮዲን ታጥባ ቀስ ብላ አስገባችና አይኗን ጨፍና ትንሽ ዝም ካለች በኋላ «እማ ጭንቅላት የለም፣ ጅራት ነው» አለችኝ። በቂጡ ነው የመጣው። የኋላ እግሮቹን አንድ በአንድ ፈልጋ አወጣችና እናቲቱ ስታምጥ ጠብቃ ወደ ታች ሳበችው፣ አፉን ጠረግነው፣ በጭድ አሸነው፣ አስነጠሰ። ማካፈሉ በማግስቱ ቀጠለ።

ወረቀቱ አያስፈራሽ፣ ግን እዩኝ እዩኝ ብለሽ ከመጀመርሽ በፊት ጨርሺው። ሜሪላንድ ውስጥ ለካውንቲሽ የሚላከው ማሳወቂያ ከመጀመርሽ ቢያንስ 15 ቀን በፊት መድረስ አለበት፣ ከዛ እንግሊዝኛ፣ ሂሳብ፣ ሳይንስ፣ ሶሻል ስተዲስ፣ አርት፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ስፖርት እንዳስተማርሽ የሚያሳይ ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የልጁ ስራዎች የተሰበሰቡበት ፋይል ትይዢያለሽ፣ ካውንቲው በአመት እስከ ሶስት ጊዜ ሊያየው ይችላል። ቨርጂኒያ ይለያል፣ እኛ በየአመቱ እስከ ኦገስት 15 ማሳወቂያና የትምህርቶቹን ዝርዝር እንልካለን፣ በቀጣዩ አመት እስከ ኦገስት 1 ደግሞ ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ የፈተና ውጤት ወይም ግምገማ። የግልገሎቹን ክብደት በየሳምንቱ መዝኑና ግራፍ ስሩ፣ እሱ ሂሳብም ሳይንስም ነው። የፍየሏን የታችኛውን የአይን ቆብ ገልብጦ ቀለሙን ማየትም እንደዛው፣ ከቀይ ወደ ነጭ ሲሄድ ሆድ ውስጥ ያለ ትል ደሟን እየጠጣው ነው፣ እዚህ እርጥቡ በጋ ላይ ፍየል የሚጨርሰው እሱ ነው።

አሁን ወደ ፆሙ ልምጣ፣ ማንም ያልነገረኝ ነገር ይሄ ስለሆነ። ፍየል አምስት ወር ነው የምታረግዘው፣ 150 ቀን። ሰው ሁሉ ኦክቶበር ላይ ወጠጤውን ይለቅና ማርች ላይ ትወልዳለች፣ ማርች ማለት ደሞ አብይ ፆም ነው። ዶሮዎቹም አብረው ያብዳሉ። ዶሮ ደህና አርጋ እንድትጥል በቀን 14 ሰአት ያህል ብርሃን ትፈልጋለች፣ ዲሴምበር ላይ እዚህ ቀኑ ዘጠኝ ሰአት ተኩል ነው፣ ክረምቱን ዝም ብላ ትበላና ፀሃይ ሲረዝም ልክ እኛ ስንፆም መጣል ትጀምራለች። አዲስ አበባ ቀኑ አመቱን ሙሉ 12 ሰአት አካባቢ ስለሆነ ይሄን ማናችንም አይተን አናውቅም። የመጀመሪያው አመት በቀን 8 ሊትር ወተትና ሰላሳ እንቁላል ይዘን ሽሮ እንበላ ነበር። ልጄ በ55 ቀን አባዝታ 440 ሊትር ብላ ነገረችኝ፣ ባትነግረኝ ይሻል ነበር። እሸጠዋለሁ እንዳትይ፣ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ያልፈላ ወተት ለሰው መጠጥ መሸጥ አይፈቀድም።

አሁን ወጠጤውን ከህዳር አጋማሽ በፊት ከሴቶቹ ጋ አንቀላቅለውም፣ ፈረንጅ ጎረቤታችን ለምን እንደምንዘገይ ስነግረው ግራ ገብቶት ይስቃል፣ የሚወለዱት ፋሲካ አካባቢ ነው። ቀድማ የወለደች ካለች ግልገሎቹ ይጥቡት፣ እኛ አንነካም። አምና ከወለዱት ፍየሎች የሚታለበውን እናረጋውና እንንጠዋለን። የፍየል ወተት ስቡ ደቃቅ ስለሆነ እንደ ላም ወተት ላዩ ላይ አይሰፍፍም፣ ሙሉ ወተቱን እርጎ አርጎ መናጥ ነው የኛ መንገድ። የ7 አመቷ ትልቁን ጠርሙስ ምንጣፍ ላይ በእግሯ እያንከባለለች ፊደል ታነባለች፣ «ቀ» ላይ ስትደርስ ክዳኑ ተከፍቶ ምንጣፉ እስካሁን ይሸታል። ቅቤው በኮሰረትና በኮረሪማ ይነጠራል፣ አሬራው አይብ ሆኖ ፍሪዘር ይገባል፣ አጓቱን ዶሮዎቹ ይጠጡታል። እንቁላሉን አትጠቢው፣ ዛጎሉ ላይ ያለው ስስ ሽፋን ካልተነሳ ፍሪጅ ውስጥ ብዙ ሳምንት ይቆያል፣ የዶሮ ወጡ እንቁላል ከዛ ይወጣል።

ቅዳሴን በተመለከተ፣ ቤተክርስቲያናችን አንድ ሰአት ከሃያ ያስነዳል። ቅዳሜ ማታ ግልገሎቹን ከናታቸው አንለይም፣ እሁድ ጠዋት ግቷ ባዶ ነው፣ እኛ መንገድ ላይ ነን። ግልገል በሌለበት ወር ግን ከሌሊቱ 9 ሰአት ተነስተን እናልባለን፣ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ያሸለብኩበትን ቀን እግዚአብሔር ያውቀዋል።

እንጀራስ አልሽ። አልጋግርም፣ ይኸው ተናዘዝኩ። ከሱቅ ነው የምገዛው፣ ልብስም አላጣጥፍም፣ ከቅርጫት ውስጥ ነው የምንለብሰው። የሆነ ነገር መውደቅ አለበት፣ አንቺ የቱ እንደሚወድቅ ቀድመሽ ምረጪ። ባልሽ አራት ቀን ከሌለ ደሞ ሆምስኩሉንም ፍየሉንም ባንድ መስከረም አትጀምሪ። ዘንድሮ ትምህርቱና ስድስት ዶሮ፣ ፍየል ለከርሞ፣ ስትገዢም አንድ ብቻ እንዳትገዢ፣ ብቻዋን ስትሆን ቀንና ሌሊት ትጮሃለች ጎረቤት ፖሊስ ይጠራብሻል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ከደብረ ማርቆስ ሚኒሶታ ልጄን ልጠይቅ መጥቼ ነው፣ ይቺን የፃፈችልኝ የእህቴ ልጅ ናት። ልጄ ልጆቿን ትምህርት ቤት አትልክም። ጠዋት ተነስተው በግና ዶሮ ይጠብቃሉ፣ ከዛ ወጥ ቤት ቁጭ ብለው ይፅፋሉ። እኔ ጠላ ሸጬ ያስተማርኳት ከብት እንዳትጠብቅ ነበር። ብናገር ይከፋታል፣ ዝም ብል እኔን ያቃጥለኛል።

መልስ፦ እማማ፣ እጅ ነስቻለሁ። እናቴም ይሄንኑ ነው ያለችኝ፣ «ከከብት ጭራ አውጥቼሽ ልጆችሽን መለስሻቸው» ብላ ሁለት ቀን ምግብ አልበላም አለች። የሚሉት ስህተት አይደለም። እርስዎ ባደጉበት ዘመን ከብት የሚጠብቅ ልጅ ማለት ትምህርት የቀረበት ልጅ ነበር፣ ሁለቱ አብሮ አይሄድም ነበር።

ስለዚህ ልጅዎን ከመውቀስዎ በፊት ይፈትሹ። ልጆቹን አንድ በአንድ አጠገብዎ አስቀምጠው ያስነብቡ፣ በእንግሊዝኛም ይሁን፣ ባይገባዎም መንተባተቡ ይታወቃል። የዘጠኝ አመት ልጅ ማንበብ ካቃተው ግን ይናገሩ፣ ይቆጡም፣ ልክ ነዎት። ሚኒሶታ ውስጥ እቤት የሚማር ልጅ በየአመቱ ፈተና እንዲወስድ ህጉ ያዛል፣ ውጤቱን አሳዪኝ ቢሏት ነውር የለውም።

ካነበቡልዎት ደግሞ ከሰአት በኋላውን ይውሰዱት። ፊደሉን፣ ፊደለ ሃዋርያውን፣ ዳዊቱን ከእርስዎ የተሻለ የሚያስቆጥር እዛ አገር የት ይገኛል? የአብነት ተማሪም እኮ እንጨት እየለቀመ ውሃ እየቀዳ ነው ቅኔ የሚቆጥረው። እናቴ በሶስተኛው ቀን ተነስታ ጋጣ ገባችና አስተላለቤን አይታ «እንዲህ ነው እንዴ የሚታለበው» ብላ ባልዲውን ተቀበለችኝ። መናጡን ያስተማረችን እሷ ናት፣ እኔ እስከዛ ድረስ ወተቱን እየደፋሁ ነበር።

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት ነው የምኖረው፣ እኛስ እዚህ ሆምስኩል ማረግ እንችላለን? እርሻ ባይኖረን እንኳን መሬት መንካት አምሮኛል።

መልስ፦ ሆምስኩሉ አይቻልም። ጀርመን ልጅ ትምህርት ቤት በአካል መሄዱን ያስገድዳል፣ ለእምነት ብሎም አይለቅም፣ ተከራክረው እስከ አውሮፓ ሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት የሄዱ ቤተሰቦች በ2006 እና በ2019 ተሸንፈዋል። እንሞክረው የሚልሽ ካለ አትስሚው፣ ልጅ እስከመውሰድ ይደርሳል።

መሬቱ ግን ይገኛል። ሽሬበርጋርተን የሚሉት የኪራይ ጓሮ አለ፣ እስከ 400 ካሬ ሜትር ድረስ ነው፣ ወረፋ ስላለው ዛሬውኑ ተመዝገቢ። ሲሶው ያህሉ አትክልትና ፍራፍሬ መሆን አለበት፣ ሳርና ወንበር ብቻ አይፈቅዱም፣ ለኛ ሰው እሱ ችግር አይደለም። የሀበሻ ጎመን ዘር ከሰው ፈልጊ፣ ውርጩ ካለፈ በኋላ ዝሪው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ይዘሽ ሂጂ። ፍየል ግን አያስገቡሽም፣ እኔ ብሆን እጠይቃቸው ነበር።